የማላኪ ሃንራቲ ባርኔጣ

ሜይ 6፣ 1914

እጄ ገባ። ሁለት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ዛሬ ጠዋት ከአየርላንድ በመጣው መርከብ፣ ከዘራ ይዞ እያነከሰ፣ በራሱ እግር መጥቶ እጄ ገባ።

ስሟ ሳቢና ሃንራቲ ነው። ስድሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ዳሌዋ የተጎዳ ሴት። ሐኪማችን ስትራመድ አይቶ ኮቷ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገባት፤ ሠርታ መብላት አትችልም ማለት ነው። ኢንስፔክተር ዊተሞር ወደ ማን እንደምትሄድ ሲጠይቃት «ወደ ወንድሜ ነዋ፣ ወደ ማላኪ። እዚህ ከተማ ትልቅ ሰው ሆኗል ይላሉ» ብላዋለች። ዊተሞር ቢሮዬ ገብቶ በዚያ ደረቅ ድምፁ «ክቡር ኮሚሽነር፣ ማላኪ ሃንራቲ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አለኝ።

አውቀው እንደሆነ ይጠይቀኛል። ፖርት አልደን ውስጥ እየኖረ የኔክን ሰፈር አለቃ የማያውቅ ዊተሞር ብቻ ነው፤ እሱም ከሀብታሞቹ መንደር ስለሆነ ነው። ኔክ ውስጥ ያለ ማላኪ ፈቃድ ፖሊስ አይቀጠርም፣ መጠጥ ቤት አይከፈትም፣ ማንም ሰው ለምንም ወንበር አይመረጥም። እኔን ኮርኔሊየስ ላፊን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። አባቴ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያራግፍ ወድቆ ሲሞት ለእናቴ ሥራ አገኘላት፣ እኔን ቀን ቀን የፍርድ ቤት ተላላኪ አድርጎ አስገባኝ፣ ማታ ማታ ሕግ አስተማረኝ። ጠበቃ ሆኜ የሰፈሩን ሰካራሞች ከዳኛ ፊት ሳስለቅቅ «የእኔ ልጅ» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። የከተማው ምክር ቤት አስገባኝ፣ ቀጥሎ የስቴቱ ሴኔት። ከዚያ ኮንግረስ ያንተ ነው ተባልኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በፓርቲው ስብሰባ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ እናቴ አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ንግግሬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ማላኪ ተነሳ። ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ ከወንበሬ ግማሽ ተነስቼ ነበር። «ዋልተር ክራውሊ» አለ። የቢራ ፋብሪካው ጌታ ልጅ ባል። እኔ ግማሽ እንደተነሳሁ ቀረሁ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ከዚያ ወዲያ ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ በየከተማው እየዞርኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ፤ ዋሽንግተንም በምላሹ የዚህ ወደብ የስደተኞች ኮሚሽነር አደረገችኝ። ኔክ ውስጥ «ማጽናኛ» ይሉታል። ይበሉ።

ሕጉ ግልጽ ነው። እንደዚህ ያለች ሴት የምትወጣው ዘመዷ ራሱ ቀርቦ በመርማሪ ቦርዱ ፊት «እኔ አለሁላት» ሲል ነው። ማላኪ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ይባላል። እዚህ ግን ከጣሊያኑም ከፖላንዱም ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ አየዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሜይ 8

መጥሪያው ደርሶታል። ነገ ይመጣል። ጫማዬን አስጠረግሁ።

ሜይ 9

አልመጣም።

ሜይ 12

ፓኪ ታይ መጣ። የማላኪ ቀኝ እጅ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬን ሲጎትት የኖረ ሰው። ሳያንኳኳ ገብቶ ምንጣፉን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ኮኒ፣ እንዴት ነህ? አሮጊቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ቤት ኮኒ የሚባል የለም።»

«ይቅርታዎን፣ ክቡር ኮሚሽነር። ምንጣፍዎ ያምራል። ከማላኪ ቤት ይበልጣል።»

«ራሱ ይምጣ።»

«ሥራ በዝቶበታል።»

«ለእህቱም?»

ፓኪ ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደቡን አየ። ተመልሶ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ደስ እያለህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ሕግ ነው።»

«እሱማ ነው» ብሎ ወጣ።

ደስ ብሎኛል። ለማንም ባልናገር ለዚህ ደብተር እናገራለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ግን ሥራ በዝቶበታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኔክ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማላኪ ሥራ በዝቶበታል የሚባለው ለናቀው ሰው ነው።

ሜይ 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ «ማላኪ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን አልመጣም» አለች።

«ለኃጢአቱ ጊዜ አጥቶ ይሆናል።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ። የበላኸውን ካም ማን እንደላከው ረሳኸው?»

አልረሳሁም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ማላኪ ችግር ላለበት ቤት ሁሉ ቅርጫት ይልካል፤ ካም የሚሉት የአሳማ ጭን ሥጋ፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ከላይ ብርቱካን። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፣ ስለዚህ ማን እንደተቸገረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ቅርጫቱን አምጣ ብላ ስትልከኝ በጓሮ በጓሮ ነበር የምመለሰው። አንድ ቀን የእነ ዋልተር ክራውሊ ቤት ልጆች አይተውኝ እስከ ቤታችን ድረስ እንደ ላም «እምቧ» እያሉ ተከተሉኝ። ለምን እንደ ላም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሜይ 20

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የድሮው ኩዊንላን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከማላኪ በፊት የኔክ አለቃ ኩዊንላን ነበር። ምርጫው ደጅ ላይ ደርሶ ሳለ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ፣ አፉም ተያዘ። ኔክ ውስጥ አለቃው መታመሙ ከተሰማ አለቀ፤ በማግስቱ የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ወደ ሌላው ይሄዳል። ማላኪ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ያኔ ገና ለጋ ጠበቃ ነኝ። «ባርኔጣውን እናድርግለትና መስኮቱ ላይ እናስቀምጠው» አልኩ። ሁሉም እንደ እብድ አዩኝ። ባርኔጣውን አደረግንለት፣ ሲጋር አፉ ላይ ሰካን፣ ፓኪ ከወንበሩ ጀርባ ተንበርክኮ የኩዊንላንን ክርን በመዳፉ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ሕዝቡ ከታች በደስታ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። አሸነፍን። ማላኪ አንገቴን አቅፎ «ይህ ጭንቅላት አንድ ቀን ዋሽንግተን ይገባል» አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው ነው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ያዋረደኝ።

ሜይ 26

ሳቢናን ለማየት ወደ ስደተኞች መቆያው ወረድኩ። ሥራዬ ነው፤ ያሉበትን ሁኔታ ማየት አለብኝ።

መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ግራጫ ክር እየጠቀለለች ነበር። ማን እንደሆንኩ ነግረዋታል። ልትነሳ ስትል ከለከልኳት።

«እርስዎ ነዎት አለቃው? በጣም ልጅ ነዎት እኮ። ይቺን የደረቀ ፕሪም ማብላቱን ቢያስቀሩልን። ሆዳችን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍን ነው የሚያድረው።»

አስቀራለሁ አልኳት።

«ማላኪ መቼ ይመጣል?»

«እየጠበቅነው ነው።»

«ይመጣል። ሲሄድ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሳልመለስ አትሙቺ ብሎኛል፣ አልሞትኩም፤ እሱ ግን አልተመለሰም። እኔ መጣሁበታ።» ሳቀች። ጥርስ የላትም ማለት ይቻላል። ከዚያ «አንድ ነገር ላስቸግርዎ?» አለችኝ። ለወንድሟ ካልሲ ልትሠራለት ነው፤ ግን እግሩን ካየችው አርባ ዓመት ሆኗታል። «የእናንተ የትልልቅ ሰዎች እግር እኩል አይደል? ማላኪ እርስዎን ያክላል?»

የማላኪን እግር አውቀዋለሁ። ጫማ ሰፊው ለእሱ ብቻ የሚሆን ቅርጽ ከእንጨት አስጠርቦ ነበር፤ ጀልባ ይሉታል። እኔ ደግሞ የሴት እግር ነው ያለኝ።

«ልክ እኔን ያክላል» አልኳት። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ሰጠኋት። በክሩ ለካችኝ። እጇ ይሞቃል። ይጥበበው።

ጁን 2

ዴሊያ መጣች። የማላኪ ልጅ። አግዳሚው ላይ ከሰው ሁሉ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ዊተሞር ነው የነገረኝ። ወዲያው አስጠራኋት። ግራጫ ኮት ለብሳለች። ከስታለች፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እንደ ድሮው አንገቷን ቀጥ አድርጋ ነው የምትቀመጠው።

«ኮን፣ እኔ አለሁላት ብዬ ልፈርም መጣሁ። እኔም ዘመድ ነኝ።»

«ወረቀቱ ላይ የተጠራው ወንድሟ ነው።»

«አባቴን አይመቸውም።»

«ለምን?»

እጇን አየሁት፤ ጓንቷን ጨምቃ ይዛዋለች። የሆነ ነገር ልትለኝ ነበር፣ አውቃለሁ። «አንተ ትምላለህ? ለማንም አልናገርም ብለህ?» አለችኝ።

«ለሴፕቴምበሩ የፓርቲ ምርጫ ከክራውሊ ጋር ልወዳደር ነው፣ ዴሊያ። ለአባትሽ ምሥጢር ጠባቂ ሆኜ አልቀመጥም።»

«እንግዲያው የምነግርህ የለም። ሥራ በዝቶበታል» ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ «ዱሮ እንዲህ አልነበርክም» አለች።

ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም። አባቷም አልነበረም።

ጁን 3

አንድ እግር የሌለው ግሪካዊ ለቀቅኩ። የአጎቱ ልጅ ብቻ ነው የመጣለት፤ ይበቃል አልኩ። ዊተሞር ቅንድቡን አነሳ።

ጁን 10

ልጽፍ አልቻልኩም። ቅርጫት ላከልኝ።

ጁን 10፣ ማታ

ፓኪ ተሸክሞት መጣ። አግዳሚው ሞልቷል፣ ጸሐፊዎቼ ሁሉ አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቴን ገፍቶ አስቀመጠው። አረንጓዴው ጨርቅ። ካሙ። ሻዩ። ብርቱካኑ።

«ከማላኪ ነው።»

«ለእህቱ ነው?»

«አይ። ላንተ ነው። ለኮኒ ስጠው ተባልኩ።»

ዴሊያ ስትመጣ የተደበቀ ነገር አለ ብዬ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ማላኪ የሚለኝ ገባኝ። አንተ የመበለት ልጅ ነህ፣ ካሜን በልተህ ነው ያደግኸው፣ ዛሬም ቢሆን ካም ስልክልህ ጅራትህን ትቆላለህ ነው የሚለኝ። በሠራተኞቼ ፊት። በገዛ ቢሮዬ።

«ፓኪ፣ ይህን አንስተህ አሁን ካልወጣህ በዘበኛ አስወጣሃለሁ።»

«ኮኒ፣ ተረጋጋ። ነገሩ እንደምታስበው አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ብርቱካኗ ተንከባልላ ወደቀች፤ ፓኪ ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ ቅርጫቱንም ይዞ ወጣ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ነበር። ዕድሜው ነው።

ይህን ሰው መሬት ላይ አንበረክከዋለሁ። እህቱን በመጣችበት መርከብ እመልሳታለሁ፣ በወደቡ ላይ ቆሞ ነጭ መሐረብ ያውለብልብላት።

ጁን 19

ቦርዱ በሳቢና ላይ ፈረደ፤ ወንድም ያልቀረበላት ትመለስ ተባለ። ዊተሞር ይግባኝ ጻፈላት። የሚገርም ነው፣ ለማንም ጽፎ አያውቅም።

ጁን 27

የዋሽንግተን ቴሌግራም፦ በኮሚሽነሩ አስተያየት መሠረት ይፈጸም።

የእኔ አስተያየት ነው የቀረው። መርከቧ ጁላይ 14 ትነሳለች። አልጻፍኩም። እስኪመጣ አልጽፍም። ቢመጣ እኮ ያኔውኑ እለቃታለሁ። ባርኔጣውን ያውልቅና «ኮን፣ በድዬሃለሁ» ይበለኝ። እንዲያውም አይበለኝ። ይምጣ ብቻ።

ጁን 30

እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትጠፋለች። የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው ትላለች። ማን ነው ስላት «አንድ ሰው» ትላለች። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ዴሊያን እዚያ በር ላይ በየጊዜው እንደሚያያት ነገረኝ። ሳል ይዟት ይሆናል።

ጁላይ 4

የነጻነት በዓል ሰልፉ ዘንድሮም በኔክ ዋና መንገድ አለፈ። በየዓመቱ ከፊት የሚሄደው ማላኪ ነበር፤ ዘንድሮ አልሄደም። እንደ ጳጳስ ቤቱ ተቀምጦ ሰልፉን ራሱ በደጁ ያሳልፈዋል አሉ። ሙዚቀኞቹ ከመስኮቱ ሥር ሲደርሱ ቆመው ተጫወቱለት።

እኔ በክፍት ሠረገላ ከፌዴራል ባለሥልጣኖች ጋር ነበርኩ። ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ አየሁት። ጥቁር ባርኔጣውን አድርጓል። ሰውነቱ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ እንደ ሰለቸው ሰው። ለእሳት አደጋዎቹ እጁን አነሳ፤ ከክርኑ ቀስ ብሎ ተነሳ። ለመርከብ አራጋፊዎቹ አነሳ። ሕዝቡ ጮኸለት። የእኔ ሠረገላ ከሥሩ ሲደርስ ባርኔጣዬን አነሳሁ። አዎ፣ አነሳሁ። በሰው ፊት ቀድሜ አነሳሁለት። እጁ ወረደ።

ሆን ብሎ ነው። አጠገቤ ያለው የጉምሩክ ሹም «አላየዎትም መሰለኝ» አለኝ። አይቶኛል። ቀጥ ብሎ ነው የሚያየኝ የነበረው።

አፉ ላይ ያለው ሲጋር አይጨስም ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ጁላይ 5፣ እሑድ

እናቴ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ሂድና እየው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ ታውቃለህ። ባርኔጣህን አውልቀህ ግባ፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ በል፣ ውጣ።»

«እሱ ይምጣ።»

«ኮን። ምያለሁ፣ ልነግርህ አልችልም። ሂድ።»

አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር በሐሳቤ መጣ። አይደለም። ማላኪ ሃንራቲ እንደ በሬ የጠነከረ ሰው ነው። ይህን ሐሳብ እዚህ አልጽፈውም።

ጁላይ 9

ሳቢና ካልሲውን ጨርሳለች። አሳየችኝ። «እስቲ ይሞክሩልኝ» አለችኝ። ልክ ነው አልኳት፣ ሳልሞክረው። ትመለሻለሽ ብለው ነግረዋታል፤ አላመነችም። «እርስዎ በየጊዜው እየመጡ ስለ ማላኪ እየጠየቁኝ እንዴት እመለሳለሁ?» አለች። እኔ የጠየቅኳት ጽፎላት እንደሆነ ነው። መጥቷል ወይ ብዬ ነው። አስተያየቱን ነገ እጽፋለሁ።

ጁላይ 10

አልጻፍኩም።

ጁላይ 12፣ እሑድ

ሁሉንም ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ።

እናቴ ትናንት ማታ ቤት አልገባችም ነበር። ብቻዬን ቅዳሴ ሄድኩ። ቄሱ ስብከቱን ጨርሰው፣ «ትናንት ማታ ላረፈው ለወንድማችን ለማላኪ ሃንራቲ ነፍስ እንጸልይ» አሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላው ሁሉ ተንበረከከ። እኔ ግማሽ እንደተነሳሁ ቀረሁ።

በቀጥታ ወደ ስደተኞች ጣቢያው ሄድኩ። ዊተሞር እሑድም ይሠራል። ሳቢና ሃንራቲን አስወጣት አልኩት።

«ሰው ቀረበላት?»

«እኔ ቀርቤላታለሁ።»

«ሕጉ ዘመድ ነው የሚለው።»

«ዊተሞር፣ ማኅተሙን አምጣ።»

«ማኅተሙማ ሁልጊዜም እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ መታሁት፣ አለቀ።

ሠረገላ ውስጥ ሳቢና ፀጉሯን አበጠረች፣ መሐረቧን አሠረች፣ ካልሲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያውቀኛል ብለህ ታስባለህ?» አለችኝ። አንተ ማለት ጀምራለች። ልነግራት አፌን ስከፍት «አትንገረኝ፣ ራሴ አየዋለሁ» አለች። በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎ ስታይ «መቼ?» አለች።

«ትናንት ማታ።»

ወደ መጣንበት ዞራ አየች። የጣቢያው ጣሪያ ከዚያ ይታያል። «ይህን ያህል ቅርብ ነበር?» አለችኝ።

ለቅሶው ሳሎን ውስጥ ነበር። ኔክ እንዳለ መጥቷል። ክራውሊ አልነበረም፤ ባሕር ዳር ለዕረፍት ሄዷል አሉ። ሰዎቹ ሳቢናን ደግፌ ስገባ አይተው መንገድ ከፈቱልን። እጄን ጨበጡኝ። «እህቱን አመጣህለት። እግዚአብሔር ይስጥህ» ይሉኛል። እሷ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ «ይህ ልጅ እኮ በየጊዜው ስለ ማላኪ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር» ትላለች። ፓኪ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል።

ሳጥኑ ጋ ቀረብኩ። ማላኪ ያለ ባርኔጣ። ራሰ በራ መሆኑን አላውቅም ነበር። የፊቱ ግማሽ ወደ ታች ወርዷል፣ ሰውነቱ የልጅ ሆኗል። ይህን ነበር የፈለግሁት፤ ባርኔጣውን አውልቆ ማየት። አየሁት።

ሳቢና ካልሲውን ላልብሰው አለች። ሴቶቹ ጨርቁን ገለጡላት። ጣቶቹን አስገባች፣ ተረከዙ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። ሳበችው። እናቴ አገዘቻት። እምቢ አለ። የሞተ ሰው እግር ላይ ሁለት አሮጊቶች ሲታገሉ ሳሎኑ ሁሉ ያያል። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች ሳቢና በመጨረሻ። «ድሮም እግሩ ትልቅ ነበር። ይህ ልጅ ደግሞ መልካም ሆኖ እግሩን ሰጠኝና ለካሁት።»

ዴሊያ ቀና ብላ አየችኝ። የአባቷን እግር እንደማውቅ ታውቃለች። ከዚያች ጫማ ሰፊ ቤት ጫማውን ተሸክሜ የማመጣው እኔ ነበርኩ፣ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች። በዓይኗ ወደ ኩሽና ጠራችኝ።

«ከኤፕሪል ጀምሮ ነው» አለችኝ። «ግማሹ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ አፉ ተይዞ። ከተሰማ ክራውሊም አንተም ትቀራመቱታላችሁ ብለን ደበቅነው። እሱም የፈለገው እንደዚያ ነው።»

«ዴሊያ፣ እኔ አላወቅኩም።»

«መስኮቱ ላይ አየኸው።»

«እጁን ሲያነሳ ነው ያየሁት።»

«ፓኪ ነው ያነሳው። አንተ ስትደርስ ክንዱ ዝሎ ጣለው፤ እስከ ማታ ሲያለቅስ ነበር። ባርኔጣውን ማን አስተማራቸው፣ ኮን? አላወቅኩም ለማንም በል። ለእኔ አትበለኝ።»

ምን እላለሁ።

ከምድጃው አጠገብ ቅርጫቱን አነሳች። አረንጓዴው ጨርቅ እንዳለ ነው። «እህቴን ልቀቅልኝ ብሎ ለመለመን ምላስ አልነበረውም። ጽፎ እንዳይልክ እጁ የለም። በዓይኑ ቅርጫቱን እያሳየ ኮኒ፣ ኮኒ ለማለት ሲታገል ዋለ። ከእሱ እጅ ስትቀበል የኖርከው ይህን ስለሆነ መልእክቱ ይገባዋል ብሎ ነው። ስትመልሰው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አልበላም። ካሙን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ቅርጫቱ የአንተ ነው።» ካልሲውን አጥፋ ውስጡ ከተተችው።

«ለሰው ትናገሪያለሽ?» አልኳት። ይህን ነው የጠየቅኳት። ሌላ ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር።

«አልናገርም። አክስቴ እንደ ጻድቅ ነው የምታይህ። ትይህ። በየእሑዱ ቅዳሴ ስታልቅ እጅህን ትስምሃለች። ዋሽንግተን ስትሄድ ባቡር ጣቢያ ድረስ እሸኝሃለሁ ትላለች፣ እኔም ይዣት እመጣለሁ። እኔ ለአንተ ያለኝ ቅጣት ይኸው ነው።»

በጓሮ በር ልወጣ ስል «በፊት ለፊት» አለችኝ።

በፊት ለፊት ወጣሁ። ቅርጫቱን ይዤ በሳሎኑ መሃል፣ በደረጃው፣ በዋናው መንገድ። ሰው ሁሉ ጨርቁን አየ። ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ማላኪ ሲሞትም ለኮኒ አስቦለት ሄደ ሲባባሉ ሰማሁ።

ጁላይ 13

ፓኪ ጠዋት መጣ። በር አንኳኳ። የሰፈሩ ሰዎች ትናንት ለቅሶው ላይ ተነጋግረዋል፤ ለሴፕቴምበር እኔን ነው የሚፈልጉት። ክራውሊ ለቅሶ አልደረሰም፣ እኔ ደርሻለሁ። ኮንግረስ የእኔ ነው።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ክንዴን ያመኛል» ብሎ ወጣ። እርስዎም አላለኝም፣ ኮኒም አላለኝም።

ሳቢና ለእናቴ መልእክት ልካለች፦ ካልሲው እንዳይባክን፣ ያ መልካም ልጅ ያድርገው ብላ።

አደረግሁት። ልኬ ነው።